የእማዬ ጣቶችና የእማዬ ሳል

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ቤተሰብ በጀትና ስለ ትምህርት ቤት ወጪ ተጨዋውተን ነበር። ለዚህ ወር ስለ ልጆችና ስለ ስልክ ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር። ነገር ግን ላለፉት ወራት የእኛን ቤት የያዘው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱን ትቼ ሌላ ብጽፍ ከልቤ አይሆንልኝም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ቢዝነስ ተምሬ በማርኬቲንግ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው እንደ ልጅ ነው። ሐኪሞች በትዕግሥት ያስረዱኝን፣ ከዚያም ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ። ከእናንተ መካከል ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ የሚተሳሰሩባት፣ ደረቅ ሳልም የማይለቃት እናት ወይም አክስት ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

«ብርድ ነው ልጄ»

እማዬ የምትኖረው ዳንግላ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ እንጅባራ ነው። በመካከላችን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቢሆንም ስብሰባ አለ፣ ልጅ ታሟል፣ ሪፖርት ደርሷል እያልኩ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ አልሄድም ነበር። የቀረውን ናፍቆት በስልክ እንወጣዋለን። በስልክ ደግሞ ሳሏ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ ሳሉ እስካሁን አልተወሽም?»

«ብርድ ነው ልጄ፤ ይተወኛል።»

የአዊን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህን መልስ አይጠራጠርም። እንጅባራ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከቤት ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ እሳት ዳር ይሰበሰባል። ዳንግላ ትንሽ ዝቅ ብትልም ከብርዱ አታመልጥም። በእኛ አገር የሳለ ሰው ሁሉ «በርዶት» ነው።

ከሳሉ በፊት የመጣው ግን የእጇ ነገር ነበር። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ፣ አልዘረጋ ይሏታል። ነጠላዋን አጥባ መጭመቅ አቃታት፤ የዘይት ጠርሙስ የሚከፍትላት የጎረቤት ልጅ ሆነ። ረፋዱ ላይ ይፍታታላትና ሥራዋን ትቀጥላለች። እሱን ደግሞ «ቁርጥማት» አልነው። በዕድሜዋ አሳበብን፤ ቅባት ገዛን፣ ማስታገሻ ገዛን። እንዲህ ሆኖ ቤታችን ውስጥ ሁለት ችግር በሁለት ስም ተቀመጠ። ሳሉ «ብርድ»፣ ጣቶቹ «ቁርጥማት»።

ሳሉ ሲበረታ ሐኪም ቤት ሄደች፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘላትና ትንሽ ቀለል አላት። ከዚያ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። ሳሉ በተመለሰ ቁጥር የዚያኑ መድኃኒት ስም በስልኬ ይዤ ፋርማሲ እገባለሁ፤ ያለ ማዘዣ ገዝቼ እልክላታለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። በዚያን ጊዜ ልጅነቴን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

የተለየችው ሲኒ

አንድ ቅዳሜ ሄጄ ቡና ስንጠጣ እማዬ ከረከቦቱ ላይ ሳይሆን ከጓዳ ባመጣቻት ጠርዟ በተሸረፈች ሲኒ ስትጠጣ አየሁ። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ታጥቦ ሲመለስ ግን ሲኒዋ ለብቻዋ ተቀመጠች።

«ምነው እማዬ?»

ዝም አለች። ቆይታ ነው የመለሰችልኝ። «ያ በሽታ ከሆነ ብዬ ነው። የሰው ልጅ ለምን በእኔ ይለፍ?»

ስሙን አልጠራችውም። እኔ ግን ቲቢ ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ለካ ከጎረቤት ቡናም ቀርታ ኖሯል፤ ሰው ሳይርቃት እሷ ቀድማ ሰው ርቃለች። ያን ቀን ሦስቱን እሽግ አንቲባዮቲክ ሳስብ አፈርኩ። ለወራት መድኃኒት እየላክሁላት፣ ምን ብላ እንደምትፈራ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ፣ ሪፈር አጽፈን ባሕር ዳር ወሰድኳት።

ሐኪሙ ሳሏን ከሰማ በኋላ «እማማ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» አላት።

«እኔ እኮ የመጣሁት ለሳሌ ነው ልጄ።»

«ግድ የለም፣ ያሳዩኝ። ጠዋት ሲነሱ ጣቶችዎ እስኪፍታቱ ምን ያህል ይቆያሉ?»

«ቡናው በረካ እስኪደርስ» አለችው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ማለትም ከአንድ ሰዓት በላይ። ለዓመታት ሳልጠይቃት የቀረሁት ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር። ከዚያ ሐኪሙ ጀርባዋን አዳመጠ፤ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ።

በእኛ ሥራ የደንበኞችን ቅሬታ በየዓይነቱ እንመዘግባለን። አንድ ጊዜ «ዕቃው ዘገየ» እና «ዕቃው ተሰበረ» የሚሉ ሁለት ቅሬታዎች በሁለት መዝገብ ለወራት ተቀምጠው፣ በመጨረሻ መነሻቸው አንድ የጭነት መኪና ሆኖ ተገኝቷል። በሥራዬ የማውቀውን ነገር በእናቴ ላይ አላየሁትም። ሳሉና ጣቶቹ አንድ በሽታ ነበሩ።

ዘበኛው የቤቱን ልጅ ሲደበድብ

የሰውነታችን የመከላከያ ኃይል ሥራው እንግዳ ተሕዋስያንን መለየትና መዋጋት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ይሳሳትና የራሱን አካል እንደ ጠላት ይቆጥራል። ዘበኛው የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብሎ ሲደበድብ ማለት ነው። ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ሕመም «ኦቶኢሚዩን» ይሉታል።

ከእነዚህ አንዱ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። በዓለም ላይ ከ100 አዋቂዎች አንድ ሰው ወይም ከዚያ ባነሰ ቁጥር ይይዛል፤ ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። ከተራ የዕድሜ ሕመም የሚለይባቸው ምልክቶች አሉት። የጠዋቱ መተሳሰር ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የሁለቱንም እጅ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች በአንድነት ይይዛል፤ መገጣጠሚያዎቹ ያብጣሉ፤ ድካምም አብሮ ይመጣል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ይህ በሽታ ከመገጣጠሚያ አልፎ ሳንባ ውስጥ እንደሚገባ ነው። ከታማሚዎቹ ከ10 አንዱ ገደማ የሚሆኑት ላይ ምልክት እስኪያሳይ ድረስ ሳንባን በጠባሳ ያደርቃል። ሉፐስ፣ ቆዳን የሚያጠነክረው ስክሌሮደርማ፣ ዓይንና አፍን የሚያደርቀው የሾግረን ሕመምም ሳንባን ሊነኩ ይችላሉ። አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም የሳንባው ችግር ከመገጣጠሚያው ሕመም ቀድሞ ይመጣል።

ምልክቱ ደረቅ ሳልና ዳገት ሲወጡ የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር ነው። ሐኪሙ በጀርባ በኩል ሲያዳምጥ የሚሰማው ድምፅ የልጆች ጫማ ማሰሪያ ቬልክሮ ሲላቀቅ እንደሚሰማው ዓይነት ነው። ተራው የደረት ራጅ በመጀመሪያው ጊዜ ንጹሕ መስሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ጠባሳውን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። የእማዬም ጠባሳ የታየው በእሱ ነው።

ሳንባ ባዶ ቤት አይደለም

እዚህ ላይ ለሐኪሙ አንድ ጥያቄ አነሳሁ። «ታዲያ አንቲባዮቲኩ ትንሽ የተሻላት ለምንድን ነው? ባክቴሪያ የለም ማለት ነው?» መልሱ ከጠበቅሁት የሰፋ ነበር፤ ቤት ተመልሼም እንዳነብ ያደረገኝ እሱ ነው።

ለረጅም ዘመን የሕክምና መጻሕፍት የጤነኛ ሰው ሳንባ ከጀርም የጸዳ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ይህን እምነት ካናወጡት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የሎንዶኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። ባክቴሪያን በማብቀል ፈንታ የዘር ቅንጣቱን በማንበብ ሲፈልጉ፣ የጤነኛ ሰዎች የአየር ቧንቧም የራሱ ነዋሪዎች እንዳሉት አገኙ። ቁጥራቸው ከአንጀት ጋር ሲወዳደር እጅግ ጥቂት ነው፤ ባዶ ግን አይደለም።

ከየት መጡ? ከአፋችን። ተኝተን ሳለን ሳናውቀው ጥቂት ምራቅ ወደ ሳንባችን ይወርዳል፤ ፕሬቮቴላ፣ ቬይሎኔላ፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባሉት የአፍ ባክቴሪያዎች አብረው ይወርዳሉ። ሳንባ ደግሞ በሳል፣ በአየር ቧንቧው ላይ ባሉት ጥቃቅን ፀጉሮችና በመከላከያ ሕዋሳት መልሶ ያስወጣቸዋል። ጤነኛ ሳንባ ገቢና ወጪው የተመጣጠነ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

ኦቶኢሚዩን ሕመም ባለባቸው ሰዎች ግን ይህ ሚዛን ሲዛባ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ገና የጀመራቸውንና የበሽታውን ዋና መድኃኒት ያልጀመሩ ሰዎችን ሳንባ በፈሳሽ አጥቦ መረመረ። የባክቴሪያዎቹ ዓይነት ከጤነኞቹ ሰዎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልዩ ልዩ ሰብል የነበረበት ማሳ ወደ ጥቂት ዓይነት ዝርያ እንደ መውረድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የዚህ በሽታ መለያ የሆኑት የተሳሳቱ የመከላከያ ንጥረ ነገሮች አንድም መገጣጠሚያ ሳያብጥ ከዓመታት በፊት በደም ውስጥ ይገኛሉ። ለበሽታው በተጋለጡ፣ ግን ገና ባልታመሙ ሰዎች አክታ ውስጥም ተገኝተዋል። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች የበሽታው መነሻ መገጣጠሚያው ሳይሆን ሳንባው፣ ድዱ ወይም አንጀቱ ሊሆን ይችላል ብለው ያስባሉ። የሲጋራ ጭስና ድድን የሚያበላሸው ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለ ባክቴሪያ የሰውነትን ፕሮቲኖች ቅርጽ ይለውጣሉ። ዘበኛው የቤቱን ልጅ የሚደበድበው ልብሱን ቀይሮ ስለመጣበት ነው እንደማለት ነው።

ባክቴሪያው በሽታውን አመጣው ወይስ በሽታው የባክቴሪያውን ሚዛን አናጋው የሚለው ክርክር በሳይንቲስቶች መካከል ቀጥሏል። ለእኛ ለቤተሰቦች ግን ከዚህ የሚከተለው ነገር ትልቅ ነው።

«ባክቴሪያ አለ» ማለት «አንቲባዮቲክ ግዛ» ማለት አይደለም

እኔ ባለሥልጣን ብሆን ይህችን ዓረፍተ ነገር በየፋርማሲው በር ላይ አስለጥፋት ነበር። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ምክንያቱ በማይታወቅ የሳንባ ጠባሳ በሚሠቃዩ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሳንባቸው ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ ያለባቸው ሰዎች ሕመማቸው ቶሎ እንደሚባባስ ታየ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ሆነ። ይህን የሰማ ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። «እንግዲያው ባክቴሪያውን እንግደለውና ይዳኑ!» ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ሞከሩ። በብሪታኒያ 342 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ኮትራይሞክሳዞል በተባለው መድኃኒት ተካሄደ፤ ውጤቱ በ2020 ወጣ። በአሜሪካ 513 ሰዎች የተሳተፉበት፣ ኮትራይሞክሳዞልን ወይም ዶክሲሳይክሊንን የሞከረ ጥናት ደግሞ በ2021 ታተመ። ሁለቱም ተመሳሳይ መልስ ሰጡ፤ አንቲባዮቲኩ የታማሚዎቹን ሁኔታ አላሻሻለም።

የእማዬ ሕመም ከዚህኛው ጋር አንድ አይደለም፤ ጠባሳው ግን ዘመዱ ነው። ትምህርቱም ያው ነው። የተዛባን ሚዛን በአንቲባዮቲክ መልሶ ማስተካከል አይቻልም። እንክርዳዱን ለመንቀል ብሎ ማሳውን በሙሉ ማቃጠል ይሆናል። ያለ ማዘዣ የተገዛ አንቲባዮቲክ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ይላመዱና፣ እውነተኛው የሳንባ ምች በመጣ ቀን ያ መድኃኒት አልሠራ ይላል። እኔ ለእናቴ በሦስት ዙር ስገዛላት የነበረው ይህን አደጋ ነው።

ይህን ስል ግን በሌላው ጫፍ እንዳትወድቁብኝ። እነዚህ ታማሚዎች እውነተኛ ኢንፌክሽን ከሌላው ሰው በበለጠ ያጠቃቸዋል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች የአየር ቧንቧቸው ይሰፋና አክታ ይጠራቀምበታል፤ እዚያ ውስጥ እንደ ሱዶሞናስ ያሉ አስቸጋሪ ባክቴሪያዎች ጎጆ ይሠራሉ። ትኩሳት ሲመጣ፣ አክታው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሲሆን፣ ትንፋሽ በድንገት ሲያጥር በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪም ያዘዘው አንቲባዮቲክም በወቅቱ ተጀምሮ በታዘዘው መሠረት መጨረስ አለበት። አንዳንዴም ሐኪሙ የመከላከያ አቅምን የሚቀንስ ጠንካራ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ኮትራይሞክሳዞልን አስቀድሞ ለመከላከያ ሊያዝ ይችላል። እሱም ትእዛዝ ነው፣ አትተዉት። እኔ የምለው ማዘዣውን የሚጽፈው ልጅ ወይም ጎረቤት አይሁን ነው።

መጀመሪያ ቲቢ

ሐኪሙ የእማዬን የመገጣጠሚያና የሳንባ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ አዘዘ። እሷ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች፤ የፈራችው የደረሰ መሰላት።

ምርመራው ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በዓለም ላይ ከአራት ሰዎች የአንዱ ያህል የቲቢ ባክቴሪያ በሰውነታቸው ውስጥ ተኝቶ እንደሚኖር ይገመታል። የተኛው እንዳይነቃ የሚጠብቀው ያው ዘበኛ ነው። የኦቶኢሚዩን ሕመም መድኃኒቶች ደግሞ ሥራቸው የዘበኛውን ኃይል መቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን አዲስ የመገጣጠሚያ መድኃኒት ከወሰዱ ሰዎች 70ዎቹ በቲቢ መያዛቸው ሲዘገብ፣ የዓለም ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን መድኃኒት ከመጀመር በፊት ቲቢን መመርመር ግድ አደረጉት። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉት ስቴሮይዶችም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የተኛውን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ስለዚህ «ቁርጥማት ያስለቅቃል» ተብሎ ከሰው እጅ የተገኘ ስቴሮይድ አትዋጡ፤ ለእናታችሁም አታውጡ።

የእማዬ አክታ ጂንኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ተመረመረ። መሣሪያው ውጤቱን የሚያወጣው በሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቲቢ የለባትም።

ሐኪሙ ስለ ሲኒዋ ነግሬው ኖሮ፣ ውጤቱን ከነገራት በኋላ አንድ ነገር ጨመረላት። «እማማ፣ የእርስዎ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቲቢ እንኳ ቢሆን የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው እንጂ በሲኒ አይደለም። ደግሞም ይድናል፤ በመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒቱ በነፃ ነው።» እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ለስንት ወር በከንቱ ለብቻዋ እንደጠጣች ያሰበች ይመስለኛል።

ስለ መድኃኒቶቹ ሦስት ማስጠንቀቂያ

አንደኛ፣ ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት የወሰደ ሰው በራሱ ፈቃድ በድንገት ማቆም የለበትም። ሰውነት በራሱ የሚያመርተውን ተመሳሳይ ሆርሞን ስለሚቀንስ ድንገተኛ ማቆም ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፤ ቀስ በቀስ።

ሁለተኛ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው። በስሕተት በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ቀኑን ወስኑና በቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡት፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ክኒኑን ለይቶ የሚሰጥ አንድ ሰው ይመደብ። መድኃኒቱ ለፅንስ አደገኛ ስለሆነ መውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

ሦስተኛ፣ እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው አዲስ ሳል ወይም ትኩሳት ሲጀምረው «የለመድኩት ነው» አይበል። የደም ምርመራ ቀጠሮም አይለፈው።

ጭስና ጥርስ

አሁን ወደ ዳንግላ የምሄደው በየሳምንቱ ነው። በመንገዴ አዲስ ቅዳምን አልፋለሁ። የፋግታ ለኮማን መንገድ የሚያውቅ ሰው በግራና በቀኝ የዲከረንስ ዛፉን፣ ከመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ያውቃል። ገበሬው ዛፉን ተክሎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰል እያከሰለ ኑሮውን አሻሽሏል፤ ልጆቹን አስተምሯል። ያንን ከሰል የምንገዛው እኛ ከተሜዎቹ ነን። ስለዚህ ጭስን «የገጠር ችግር» ብዬ አላልፈውም፤ ከሰል ነድዶ ጭሱ የሚቀረው እኛ ሳሎን ውስጥ ነው።

ሲጋራ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ከሚያጋልጡ የአካባቢ ምክንያቶች ዋነኛው ነው። የማገዶና የከሰል ጭስ ደግሞ የአየር ቧንቧን የሚያጸዱትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያዳክማል፤ ለሳንባ ምችም ያጋልጣል። የታመመ ሳንባ ይህን አይችልም። እማዬ ቤት ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ሆነ። በርበሬ ሲታመስ እሷ ጎረቤት ትሄዳለች። ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈታል፤ ዕጣኑም ለሽታ ያህል ብቻ ሆነ። ይህችኛዋ ከሁሉም የከበደቻት ናት።

ጥርስንም አትናቁ። የሳንባ ባክቴሪያ የሚመጣው ከአፍ ነው ብለናልና፣ አፍ ሲታመም ሳንባ እንዳልሰማ አያልፍም። በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣ ድድ የሚደማ ከሆነ ጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድ ውድ ሕክምና አይደለም። ክትባትንም ጠይቁ። ልጆቻችን የሳንባ ምች መከላከያ የሆነውን የኒሞኮካል ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በመደበኛው ፕሮግራም ያገኛሉ፤ የመከላከያ አቅማቸው የቀነሰ አዋቂዎች የትኛው ክትባት እንደሚገባቸው ሐኪማቸው ይነግራቸዋል።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ

እኛ በብዙ ዙር የተማርነውን እናንተ በአንድ ጊዜ ያዙት።

1. ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያለበትን ሰው ስለ መገጣጠሚያው፣ ስለ ቆዳው፣ ስለ ዓይንና አፍ ድርቀቱ ጠይቁት። መልሱን በአንድ ወረቀት ጻፉና ለሐኪሙ ስጡ።

2. ጠዋት ጣቶች እስኪፍታቱ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት ያዙ።

3. ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ሁሉ የቲቢ ምርመራ ይደረግለት።

4. ባለፉት ወራት የተወሰዱትን መድኃኒቶች፣ በራሳችሁ የገዛችሁትንም ጭምር፣ ሳታፍሩ ተናገሩ። እኔ አፍሬ ነበር፤ ሐኪሙ ግን አልቆጣኝም። መዝግቦ ቀጠለ።

5. የደረት ራጁ ንጹሕ ተብሎ ትንፋሹ ማጠሩን ካላቆመ፣ «ሲቲ ስካን ወይም የሳንባ አቅም ምርመራ ያስፈልግ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ።

የት እንሂድ ለምትሉ፣ በአቅራቢያችሁ ካለው ሆስፒታል ተነስታችሁ በሪፈር ሂዱ። ለእኛ ለአዊዎች የሚቀርበን ባሕር ዳር ነው፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች እዚያው ናቸው። በሳንባ ሕክምና ላይ ብቻ የሚያተኩር የስፔሻሊስቶች ሥልጠና በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ቅርብ ጊዜ ነው፤ ባለሙያዎቹም ከሕዝቡ ብዛት ጋር አይመጣጠኑም። የእነሱን ጊዜ የምንቆጥበው ታሪካችንን አሟልተን ስንሄድ ነው።

እማዬ አሁን

እማዬ ድናለች ብዬ አልዋሻችሁም። ሳንባ ላይ የተሠራ ጠባሳ ተመልሶ አይጠፋም፤ የሕክምናው ዓላማ ጠባሳው እንዳይጨምር መያዝ ነው። ሳሏ ቀንሷል። ጣቶቿ አሁን የሚፍታቱት ከአቦል በፊት ነው። ከገበያ ስትመለስ ግን አሁንም መሃል ላይ ቆማ ትተነፍሳለች፤ እኔም ዘንቢሏን ይዤ አብሬያት እቆማለሁ። በየቅዳሜው የክኒን ሳጥኗን አያለሁ፣ የቀጠሮ ካርዷን አያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ስደርስ ቤቱ በጎረቤት ሴቶች ተሞልቶ አገኘሁት። መስኮቱ ተከፍቷል። እማዬ ረከቦቱን ከፊቷ አድርጋ ትቀዳለች። ጠርዟ የተሸረፈችውን ሲኒ በዓይኔ ፈለግኋት፤ ከሌሎቹ ጋር ተደርድራለች። የደረሰቻት ለእኔ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ እናታችሁ ጋ ስትደውሉ «እንዴት ነሽ?» ብላችሁ በ«ደህና ነኝ» አትለፏት። «ጠዋት እጅሽ ቶሎ ይታዘዝልሻል? ዳገቱን ስትወጪ ትንፋሽሽ እንዴት ነው?» በሏት። በሚቀጥለው ወር ቃል በገባሁላችሁ በልጆችና በስልክ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር እንሰንብት!